በበዓለ ሃምሳ የጾመው ውሻ

አንድ ጊዜ፣ አምሳ አምስት ቀን ሙሉ ሽሮ የነካካው የእንጀራ ፍርፋሪ ሲበላ የከረመ መክት የሚባል ውሻ ነበር። ውሻ ደግሞ ይጾማል ወይ? እንዳትሉኝ። ውሻ አይጾምም። ነገር ግን ጌቶቹ ሲጾሙ እሱም ሳይወድ በግድ ይጾማል፤ ሥጋ ከሌለበት ቤት አጥንት አይወድቅማ።

የመክት ጌቶች አቶ ይመኑና ወይዘሮ ዘርትሁን ይባላሉ። ግቢያቸው ከመንደሩ ዳር፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ነው። በግቢው ውስጥ ጥቂት ዶሮዎች፣ አንዲት አህያና ገና ሦስት ሳምንት ያልሞላው ውርንጭላዋ ይኖራሉ። ዙሪያው በአጋም እሾህ ታጥሯል። ከጓሮ በኩል ግን አጥሩ አንዲት ቀዳዳ ነበረችው። ይህችን ቀዳዳ ልብ በሏት፤ ኋላ እንፈልጋታለን።

ቀዳዳዋን ጅብ ያውቃታል። ቀበሮም ታውቃታለች። ሁለቱም ግን አይደፍሯትም ነበር። ለምን ቢባል፣ መክት አንድ ጊዜ ሲጮህ ድምፁ ከገደል ገደል እየተጋጨ አምስት ውሻ ይሆናል። ጅብ ደግሞ መቁጠር ባይሆንለትም አምስት ከአንድ እንደሚበልጥ ያውቃል።

ፋሲካ ደረሰ። ሙክቱ ታረደ፤ መክትም አጥንቱን ተረከበ። (ሙክት የሰባው በግ ነው፣ መክት ውሻው ነው፤ እንዳይምታታባችሁ።) የአንገት አጥንት፣ የጎድን አጥንት፣ በርበሬ የጠገበ የዶሮ አጥንት፣ የሞራ ቁራጭ፣ የቆዳ ዳር፣ ምን ያልበላው አለ! አህያይቱ ከጋጣዋ ሆና አየችውና፣

«መክት፣ ቀስ በል እንጂ። አንጀትህ ሥጋ ምን እንደሆነ ረስቷል» አለችው።

«እኔ አልረሳሁም» አላትና መቆርጠሙን ቀጠለ።

ሰኞ ዕለት ሆዱ ሲያጉረመርም ዋለ። ማክሰኞ ጧት ባልና ሚስቱ አክፋይ፣ ማለትም የፋሲካ ስጦታ፣ ይዘው ወደ ወይዘሮ ዘርትሁን አባት አገር ለመሄድ ተነሡ። ወይዘሮ ዘርትሁን ከበሩ ላይ ዘወር ብላ አየችና፣

«የውሻው ዓይን ዛሬ ልክ አይደለም» አለች።

«ጠግቦ ነው» አለ አቶ ይመኑ። «የጠገበ ሁሉ ዓይኑ እንደዚያ ነው። የእኔንስ አላየሽውም? በይ ነይ፤ ሐሙስ እንመለሳለን። ዶሮዎቹን ጎረቤታችን እትዬ ደብሪቱ ትፈታቸዋለች። ለሌላው መክት አለ።»

እነሱ ከዓይን እንደ ተሰወሩ መክት ወደ ጓሮ ሄደ። ከግራዋው ቁጥቋጦ ሥር ጎንበስ አለ። ጀርባው እንደ ቀስት ጎበጠ። አማጠ። ምንም የለም። ተነሣ። አሥር እርምጃ ሳይሄድ እንደገና ጎንበስ አለ፤ እንደገና አማጠ። አንዲት ጠብታ የምታህል ነገር ወጣች። ተነሣ። ጎንበስ አለ። ፀሐይ ከአጥሩ በላይ ሳትወጣ ይህን ስምንት ጊዜ አደረገው።

በዘጠነኛው ላይ፣ በአጥሩ ቀዳዳ በኩል ሁለት ሹል ጆሮዎች ብቅ አሉ። ቀበሮ ነበረች።

«እንደምን አደርክ፣ አያ መክት? ከግራዋው ጋር ምን ትመካከራለህ?»

መክት ሊጮህባት አፉን ከፈተ። የወጣው ድምፅ ግን የድመት ልጅ ድምፅ ነበር። የቀበሮ ዓይን በራ።

«ውይ! ምነው? ምን ነካህ?»

«አምጣለሁ፤ ምንም አይወጣም» አለ መክት። ሕመም ሲጠና ለጠላትም ይነገራል።

«ድርቀት ነዋ! ይኼ ደግሞ ሐኪም ይፈልጋል? የሚያምጥ ሁሉ ደርቆበት ነው። ኮሶ ነው የሚያስፈልግህ። አንድ ገል ኮሶ ጭልጥ! ከዚያ በላዩ አንድ ወፍራም አጥንት ትቆረጥምበታለህ። እሾህ በእሾህ ይወጣል እንደሚባለው አጥንትም የሚወጣው በአጥንት ነው።»

«አንቺ ከመቼ ወዲህ ነው ለእኔ ያሰብሽው?»

«ጎረቤት አይደለሁም እንዴ? ኮሶውን ራሴ አመጣልሃለሁ፤ አትድከም።»

ኮሶ ማለት የዛፍ አበባ ነው፤ መራራ ነው። ድሮ ሰዎች የሆድ ትላቸውን ለማስወጣት በጥብጠው ይጠጡት ነበር። የጠጣ ሰው ቀኑን ሙሉ ከጓሮ ሲመላለስ ይውላል፤ የደህናውን ሰው ጉልበት እንኳ ያብረከርካል። ቀበሮ ይህን አሳምራ ታውቃለች። የተብረከረከ ውሻ የተከፈተ በር ማለት እንደሆነም ታውቃለች። ስለዚህ ጅራቷን እየነሰነሰች ሄደች።

አህያይቱ ይህን ሁሉ ገለባዋን እያኘከች ስትሰማ ነበር። ቀበሮ እንደ ሄደች ቀረብ አለችና፣

«መክት፣ ያወጣኸውን አሳየኝ» አለችው።

«ምኑን?»

«ያንን ከግራዋው ሥር ያለውን።»

«እመት አህያ! ኧረ ያሳፍራል!»

«ዕድሜ ልኬን ፍግ የተሸከምኩትን እኔን ምኑ ያሳፍረኛል? ነውሩስ ሳያዩ መናገር ነው። ዞር በል።»

ሄዳ አየች። አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ በአንድ ዓይኗ፣ ከዚያ በሌላው አየች። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ቁም ነገሩ። ቀበሮ «ድርቀት» ስትል ያየችው የመክትን የጎበጠ ጀርባ ብቻ ነው። አህያይቱ ግን ሌላውን ጫፍ አየች።

«ና ራስህ እይ» አለችው። «ይኼ ጠጣር ነው?»

መክት እያፈረ ጠጋ አለ። «አይደለም። ቀጭን ነው። እንደ እንቁላል ነጭ ይዝለገለጋል።»

«ይኼስ ምንድን ነው?»

«እንደ አሸዋ... አጥንት ነው መሰለኝ፤ ስብርባሪ። ይቺ ደግሞ እንደ ክር ያለች ደም ናት።»

«ታዲያ ድርቀቱ የታለ?»

መክት እንደገና አሸተተውና፣ «ካልደረቀብኝ ለምን አምጣለሁ?» አላት።

«አንጀትህ ቆስሎ ነዋ! አምሳ አምስት ቀን ፍርፋሪ የለመደን አንጀት በአንድ ቀን አጥንት፣ ሞራና በርበሬ ስትከምርበት ተፋቀ። የተፋቀ አንጀት ባዶም ሆኖ ሞልቻለሁ ይላል። ዓይንህ ውስጥ ጉድፍ ገብቶ ከወጣ በኋላ እንኳ አሁንም ያለ ይመስልህ የለ? ታሻለህ፣ ታሻለህ፤ ባሸኸው ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ይቀላል። ይኼም እንደዚያ ነው። የሚያምጥ ሁሉ አይወልድም፤ የሚያምጥ ሁሉም አልደረቀበትም። በዚህ ላይ ኮሶ ብትጨምርበት በቁስል ላይ መጥረጊያ ማሳረፍ ነው።»

«ይኼን ሁሉ ከየት አወቅሽው?»

«የወረዳው የከብት ሐኪም ለክትባት ሲመጣ ሣጥኑን የሚሸከምለት ማን ይመስልሃል? ሦስት ዓመት ሙሉ ሣጥኑ በጀርባዬ፣ ንግግሩ በጆሮዬ። ጆሮዬ ደግሞ እንደምታየው ትንሽ አይደለም።»

«እሺ፣ መድኃኒቱስ?»

«ጹም።»

የመክት ጆሮዎች ቀጥ ብለው ቆሙ። «ምን አልሽኝ?»

«ጹም አልኩህ። ዛሬን ምንም እንዳትበላ። አንጀትህ ይረፍ። ውሃ ግን አትተው፤ ሆድህ እስኪንቦጫቦጭ ሳይሆን ቶሎ ቶሎ፣ ትንሽ ትንሽ። ሁለት ሦስቴ ላስ ታደርግና ትተኛለህ። ነገ የሚላስ ቀጭን ነገር ይገኝ ይሆናል።»

«እመት አህያ፣ ትቀልጃለሽ? በበዓለ ሃምሳ! ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት ጊዜ! ካህኑ ራሳቸው ቁርጥ እየበሉ እኔ ልጹም? ሁለት ወር ሊሞላኝ ምንም ሳይቀረኝ ጾሜ ገና ከትናንት ወዲያ መውጣቴ ነው!»

እውነቱን ነው። ከፋሲካ በኋላ ያሉት አምሳ ቀናት ጾም የለባቸውም፤ መንደሩ በሙሉ የሚበላባቸው ቀናት ናቸው። በዚህ ሳምንት «አልበላም» የሚል ቢገኝ ወይ ታሟል፣ ወይ ተጣልቷል ይባላል።

«ያኛው ጾም የጌቶችህ ነበር» አለችው አህያይቱ። «ይኼኛው የራስህ ነው። አንጀት ደግሞ በዓል ቆጥሮ አያውቅም።»

«እምቢ ብልሽስ?»

አህያይቱ ወደ ጋጣው ዘወር አለች። ውርንጭላዋ በገለባው ላይ ተጋድሞ ተኝቷል። በሕልሙ የሚሮጥ ይመስል ቀጫጭን እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ።

«እምቢ ብትል ነገ መጮህ አትችልም» አለችው ቀስ ብላ። «ጅብ ያንተን ጩኸት አይሰማ ይሆናል፤ ዝምታህን ግን ከሦስት ተራራ ማዶ ይሰማል። እኔ እርግጫ አለኝ፤ ለራሴ አላንስም። እሱ ግን ምን አለው?»

መክት ውርንጭላውን አየ። በዚያው ቅጽበት ሆዱን ቆረጠው፤ ጎበጠ፣ አማጠ፣ ተነሣ።

«ቆርጫለሁ» አለ። «እጾማለሁ።»

ቁርጠትና ቁርጠኝነት ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት ናቸው። አንደኛው ሆድን ይቆርጣል፤ ሁለተኛው ሐሳብን። መክት በዚያ ጧት ሁለቱም አንድ ላይ ያዙት።

«ጎበዝ» አለች አህያይቱ። «አንድ ነገር ግን ስማኝ። ካስመለሰህ፣ ሆድህ እንደ ከበሮ ከተነፋ፣ ደሙ ከበዛ፣ ወይም እስከ ነገ ማታ ካልተሻለህ፣ የእኔ ዕውቀት እዚያ ላይ ያበቃል። ያን ጊዜ በሩን ሰብሬም ቢሆን እትዬ ደብሪቱ ደጅ ሄጄ አናፋለሁ። ሐኪሙ ራሱ ይምጣ እንጂ ሣጥን ተሸካሚዋ አትበቃም።»

ቀበሮ በበኩሏ ኮሶ ከመልቀሟ በፊት ወደ ጅብ ዋሻ ሮጠች። ጅብ ባለፈው ወር አጥንት ያረፈበትን ድንጋይ እየላሰ ነበር።

«አያ ጅቦ! አልሰማህም? መክት አማጠ!»

ጅብ ምላሱን ከድንጋዩ ላይ አነሣ። «አማጠ? እሰይ! እሰይ! ስንት ይወልዳል?»

ቀበሮ «ወንድ እኮ ነው» ልትል አፏን ከከፈተች በኋላ መልሳ ገጠመችው። ይህ ጅል ፊት ፊት ቢገባ፣ መክት ከእሱ ጋር ሲታገል እኔ ዶሮዎቹ ጋ እደርሳለሁ ብላ አሰበች።

«ስድስት ሳይሆን አይቀርም» አለች።

«ስድስት ቡችላ! ለስላሳ ናቸው?»

«ገና ጥርስ እንኳ አይኖራቸውም።»

«ምስኪኖች» አለ ጅብ ምራቁን እየዋጠ። «የአህያዋም ልጅ እዚያው ነው አይደል? እሱን ለጉሮሮ ማርጠቢያ አደርገዋለሁ። መቼ ልግባ?»

«ሲወለድ እልል ይባል የለ? እልልታውን ስትሰማ በቀዳዳዋ ግባ። እስከዚያ ግን ምጥ የያዘው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም። አንድ አጥንት ወርውርለት።»

ጅብ ፊቱ ጠቆረ። ከዋሻው ጥግ የቀበራት አንዲት የበሬ ጭን አጥንት ነበረችው፤ ለክፉ ቀን ያስቀመጣት። ቆፍሮ አወጣት። አሸተታት። መልሶ ሊቀብራት አሰበ። በመጨረሻ፣ «እንግዲህ ለስድስቱ ስል ነው» ብሎ በጥርሱ አንጠልጥሏት ተነሣ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ያቺ አጥንት በአጥሩ ላይ ተሽከርክራ መጥታ ከመክት አፍንጫ ሥር ዱብ አለች። ወዲያው ደግሞ በቀዳዳዋ በኩል በገል የተበጠበጠ ኮሶ ተገፍቶ ገባ።

መክት አጥንቷን አየ። መቅኔዋ ይሸታል። ከጧት ጀምሮ ከውሃ በቀር ምንም አልቀመሰም። ምራቁ በአገጩ ላይ ወረደ።

«ቆርጥማት እንጂ!» አለች ቀበሮ ከአጥሩ ውጭ።

«ጾም ላይ ነኝ።»

«በበዓለ ሃምሳ! ጉድ በል ያገሬ ሰው! መነኮስክ እንዴ? ከዛሬ ጀምሮ አባ መክት እንበልህ?»

«በይኝ።»

«አባ መክት፣ መቅኔው እኮ ይፈስሳል። ደግሞ እሾህ በእሾህ ነው ብዬሃለሁ...»

«እሾህሽን ለራስሽ ያዢው!»

ከዚያ መክት ከባዱን ነገር አደረገ። አጥንቷን በጥርሱ ያዛት። አህያይቱ ከጋጣዋ ሆና መንጋጋው ሲንቀጠቀጥ አየችው፤ «አለቀ፣ ሊበላት ነው» ብላ ዓይኗን ጨፈነች። መክት ግን ጥርሱን አልገጠመም። እየተንገዳገደ ቀዳዳዋ ድረስ ሄደና አጥንቷን ከአጋሙ እሾህ መሐል ሰነቀራት። የኮሶውን ገል ደግሞ በአፍንጫው እየገፋ ከአጠገቧ አስቀመጠው። ሲጨርስ ሆዱን ቆረጠው፤ እዚያው ጎበጠ፣ አማጠ፣ ተነሣ።

«ምን ማድረግህ ነው?» አለችው አህያይቱ።

«የላከው ሲመጣ ንብረቱን እንዲያገኝ ነው» አለና ውሃውን ሦስቴ ላስ አድርጎ ተኛ።

ረቡዕ ጧት እትዬ ደብሪቱ ዶሮዎቹን ልትፈታ መጣች። ወይዘሮ ዘርትሁን ለመክት የተወችለት ወጥ የነካው ፍርፋሪ እንዳለ ነው፤ ዝንብ ሰፍሮበታል።

«ውይ በሞትኩት! አንተን የመሰለ ሆዳም ምግብ ትቶ?» አለች። ጎኑን ዳበሰችው። ሲጎብጥና ሲያምጥም አየችው። «ሆድህን ነው! እኔን! ቆይ፣ ለልጄ አጥሚት ጥጄ ነው የመጣሁት።»

የእትዬ ደብሪቱ ልጅ አራስ ነበረች። አጥሚት ደግሞ የአራስ ምግብ ነው፤ ከገብስ ወይም ከአጃ ዱቄት የሚሠራ፣ የሚጠጣ ቀጭን ነገር። እትዬ ደብሪቱ ቤቷ ተመልሳ ቅቤም ቅመምም ጨውም ሳይገባበት ጥቂት ቀነሰችና አቀዝቅዛ አመጣችለት። መክት ትንሽ ላሰ፤ ተኛ። ቆየት ብሎ እንደገና ትንሽ ላሰ።

ጅብ ከአጥሩ ማዶ ካለው ቁጥቋጦ ሥር አድፍጦ ይህን ያይ ነበር። ቀበሮንም በክርኑ ጎሸማት።

«አየሽ? አጥሚት ገባ! የአራስ ቤት ነው እኮ!»

«አልነገርኩህም?» አለች ቀበሮ፤ ሳቋን ግን በጅራቷ ሸፈነችው።

ፀሐዩ ሲበርድ መክት ወደ ግራዋው ሄደ። ጎንበስ አለ። አህያይቱ ጆሮዋን አቀናች። በዚህ ጊዜ ብዙ አላማጠም። ተነሥቶ ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ጅራቱ ከሁለት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ተወዛወዘ።

«እመት አህያ! ነይ እዪው!»

መጣች። አንገቷን ዘንበል አድርጋ በአንድ ዓይኗ አየች። በሌላውም አየች። ለስለስ ያለ ነው፤ ነገር ግን ቅርጽ ይዟል። ደም የለም። ዝልግልጉም ሄዷል።

እስኪ አስቡት፤ በዚህ ነገር የተደሰተ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሕመምተኛ ያስታመመ ብቻ ነው የሚያውቀው። አህያይቱ ደስታዋን መያዝ አቃታት። አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀና አድርጋ አናፋች። አንዴ አናፋች፣ ሁለቴ አናፋች፣ ስድስት ጊዜ አናፋች።

«እልልታ!» አለ ጅብ ከቁጥቋጦው ዘልሎ እየተነሣ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... እህ... ስድስት! ስድስት ተወለዱ!»

ሮጦ ጭንቅላቱን በቀዳዳዋ ሰደደ። ቀበሮ ከኋላው ተለጠፈች። ጅብ ትከሻው ገና ሳይገባ አንድ የሚያውቀው ሽታ አፍንጫውን መታው።

«አጥንቴ!»

ስድስቱንም ረሳቸው። አንገቱን ጠምዝዞ አጥንቷን ነከሰ። አጋሙ ደግሞ አንገቱን ነከሰ። ወደ ፊት ሲል ይወጋዋል፤ ወደ ኋላ ሲል ይወጋዋል። እዚያው ታስሮ ሳለ ከአጠገቡ በገል ያለ እርጥብ ነገር አየ። ጅብ የሚውጠውን ነገር ስም ጠይቆ አያውቅም፤ በአንድ ጉንጭ ጨለጠው። ፊቱ ተጨማደደ፤ መራራነቱ እስከ ጅራቱ ድረስ ሄደ።

ቀና ሲል መክት ከፊቱ ቆሟል።

«እንኳን ደህና መጣህ፣ አያ ጅቦ።»

«እን... እንኳን ማርያም ማረችህ!» አለ ጅብ። «ቡችሎቹ የታሉ?»

«የማን ቡችሎች?»

«የአንተ ናቸዋ! አምጠህ አልነበረም?»

«አያ ጅቦ፣ እኔ እኮ ወንድ ነኝ።»

ጅብ ለጥቂት ጊዜ አሰበ። ማሰብ ስለማይሆንለት ግን ተወው። «ታዲያ ምን ወልደህ ነው እልል የተባለው?»

«ከግራዋው ሥር ነው ያለው!» አለች አህያይቱ፤ ውርንጭላዋን ከኋላዋ ሸሽጋ እግሮቿን ለእርግጫ አዘጋጅታ ቆማለች። «ከፈለግህ ግባና ሳመው!»

ያን ጊዜ መክት እግሩን ከመሬት ተከለ። የታመመው ሆዱ አሁንም አልጸናም። ይሁን እንጂ አንድ ቀን ያረፈ አንጀት ለአንድ ጩኸት የሚሆን አቅም አያጣም። ጮኸ። ድምፁ ወደ ገደሉ ወረደ፣ ከማዶው ተጋጨ፣ አምስት ሆኖ ተመለሰ። የመንደሩ ውሾች ተቀበሉት።

ጅብ ከአንገቱ ጠጉር ግማሹን ለአጋሙ ትቶ ወደ ኋላው ተፈነገለ። የወደቀው ቀበሮ ላይ ነበር። ጅራቷን ረግጦ፣

«ስድስት አልሽኝ!» አላት።

«አያ ጅቦ፣ ስማኝማ...»

«አጥንቴንም አስወረወርሽኝ! ስድስት አልሽኝ!»

ሁለቱም ቁልቁል ሲወርዱ የቀበሮ ጩኸት ከሩቅ ይሰማ ነበር። ዶሮዎቹ አንድም ሳይጎድሉ ሰፈሩ። ውርንጭላው ከእናቱ ኋላ ብቅ ብሎ የመክትን አፍንጫ አሸተተ።

ሐሙስ ቀኑን ሙሉ በገደሉ ሥር ካለው ቁጥቋጦ የሚያቃስት ድምፅ ሲወጣ ዋለ። ኮሶው ሥራውን እየሠራ ነበር። ጅብ ይነሣል፣ ይጎብጣል፣ ያምጣል። ቀበሮ የተረገጠ ጅራቷን እየላሰች ከሩቅ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣

«አያ ጅቦ! ስንት ይመስልሃል? ስድስት ይሞላል?» ትለው ነበር።

ጅብ እንደገና ጎበጠ፣ እንደገና አማጠ።

ወደ ማታ ባልና ሚስቱ ተመለሱ። እትዬ ደብሪቱ ከደጃፏ ሆና፣ «ዘርትሁን! ውሻሽን የአራስ አጥሚት ሳጠጣልሽ ነው የከረምኩት!» ብላ የሆነውን ነገረቻቸው። አቶ ይመኑ እየሳቀ ከአማቹ ቤት በቅጠል ጠቅልሎ ያመጣውን የጎድን አጥንት ዘረጋ።

«እንኳን ዳንክልኝ፣ አንበሳዬ! ይኸው ድርሻህ!»

መክት አጥንቱን አሸተተ። አህያይቱን አየ። አህያይቱ አንድ ጆሮዋን ብቻ ዘንበል አደረገች። መክት ጀርባውን ሰጥቶ ወደ አጥሚቱ ሄደ።

«ጉድ ነው! በዓለ ሃምሳ ሳያልቅ ውሻችን ጾም ያዘ» አለ አቶ ይመኑ።

«ማክሰኞ ዕለት ዓይኑ ልክ አይደለም ስልህ ጠግቦ ነው አላልክም?» አለችው ወይዘሮ ዘርትሁን። አጥንቱን ከእጁ ነጠቀችና ወደ ገደሉ ወረወረችው። «ሰውም ውሻም ከጾም ሲወጣ በጥቂቱ ነው፤ አጥንት ካሁን ወዲያ ለዚህ ውሻ እርም ነው። ቆመህ ከምትስቅ ይልቅ ያቺን ቀዳዳ ድፈናት፤ የጅብ ጠጉር ተሰክቶባታል!»

አቶ ይመኑ ሳቁን ውጦ መጥረቢያውን አነሣ። ቀዳዳዋም በዚያው ምሽት ተደፈነች።

ከዚህ የምንማረው፣ የሚያምጠውን ሁሉ ደርቆበት ነው ከማለታችን በፊት የወጣውን ዝቅ ብሎ ማየት እንደሚገባና፣ የቆሰለ አንጀት የሚድነው ወዳጅም ጠላትም በሚያጎርሰው ሳይሆን ባለቤቱ ቆርጦ በሚተወው ነገር መሆኑን ነው።